ሥልጣኑን የለቀቀ መሪ በምክር ቤት ይዳኛልን? ክርክሩን ለማዘጋጀትና ለመምራት

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በሌላ የወሎ ከተማ የተማሪዎችን የክርክር ክበብ ለሚያስተባብሩ መምህራን የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚያተኩረውም በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሥልጣን የወረደን መሪ፣ ሥልጣን ላይ ሳለ ፈጸመው በተባለ ጥፋት፣ ምክር ቤት ሊዳኘው ይችላልን የሚለው ነው። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ፣ ሥልጣኑን በለቀቀው በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ዳኝነት ምክንያት፣ የአሜሪካን ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ያፋጠጠ ነበር። ለተማሪዎች መድረክ የሚመረጠው ግን ስለ አሜሪካ ለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ በሁለቱም ወገን እውነተኛ የሕግ ሙግት ስላለበት ነው። በአግባቡ ከተመራ ተማሪው የሕግን ጥያቄ ከወገንተኝነት ለይቶ እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ በአግባቡ ካልተመራ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የዶናልድ ትራምፕ ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች ጭቅጭቅ ሆኖ ያርፈዋል።

የመከራከሪያውን ሐሳብ መቅረጽ

ከሁሉ በፊት የመከራከሪያው ሐሳብ በጽሑፍ ሊቀረጽና ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ለሁለቱም ወገን ሊሰጥ ይገባል። «ትራምፕ ጥፋተኛ ነበርን?» የሚል ሐሳብ አይያዝ፤ ይህ ተከራካሪዎቹን ስለ አንድ ሰው ጠባይ እንዲያወሩ ይጋብዛቸዋልና። «ምክር ቤት በሥልጣን ላይ ሳለ የከሰሰውን መሪ፣ መሪው ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላም የመዳኘት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል» የሚለው የተሻለ ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ የሰው ስም የለም፤ «በሥልጣን ላይ ሳለ የከሰሰውን» የሚለው ሐረግ ደግሞ አንድ ቁልፍ ነገር ይጠብቃል። ትራምፕ የተከሰሰው ሥልጣኑን ከመልቀቁ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ከለቀቀ በኋላ የተካሄደው ዳኝነቱ ብቻ ነው። ክሱም ዳኝነቱም ከሥልጣን በኋላ ቢሆኑ ጥያቄው ሌላ፣ ለደጋፊው ወገንም (የመከራከሪያውን ሐሳብ ለሚደግፈው) እጅግ የከበደ ይሆን ነበር።

ተማሪዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ

ብዙ ሰው ኢምፒችመንት ማለት ከሥልጣን መባረር ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን ምክር ቤት በባለሥልጣን ላይ የሚያቀርበው ክስ ማለት ነው። ስለዚህ አስተባባሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳጥን ሥሎ ቢጀምር ይሻላል። በመጀመሪያው ሳጥን የተወካዮች ምክር ቤት ይጻፋል፤ የእርሱ ሥራ በአብላጫ ድምፅ መክሰስ ነው። በሁለተኛው ሴኔት ይጻፋል፤ የእርሱ ሥራ መዳኘት ሲሆን፣ ጥፋተኛ ለማለትም በስብሰባው ከተገኙት አባላት የሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ይጠይቃል። ከሁለተኛው ሳጥን ሥር ሁለት ቅጣቶች ይሰፍራሉ፤ አንደኛው ከሥልጣን ማንሳት፣ ሁለተኛው ወደፊት የመንግሥት ሹመት እንዳይዝ ማገድ ነው። ከእነዚህ በላይ፣ እስርም ሆነ ገንዘብ፣ ሴኔት መቅጣት አይችልም፤ መደበኛው ፍርድ ቤት ግን የራሱን ክስ ከመመሥረት አይታገድም። ክርክሩ በሙሉ የሚሽከረከረው ሁለተኛው ቅጣት ያለ መጀመሪያው ሊቆም ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ዙሪያ ስለሆነ፣ ይህ ሥዕል እስከ መጨረሻው ከሰሌዳው አይጥፋ። መብራት ሲጠፋ ከፕሮጀክተር ጋር አብሮ የሚጠፋ ዝግጅት ባይያዝ ይመረጣል።

ቀጥሎ የቀኖቹና የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ይሰጣል። የአሜሪካ ምክር ቤቶች በሚሰበሰቡበት ሕንፃ በካፒቶል ላይ የተፈጸመው ጥቃት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ትራምፕን «ዓመፅ በማነሳሳት» የከሰሰው ጃንዋሪ 13 ቀን ሲሆን፣ ድምፁም 232 ለ197 ነበር፤ ከሪፐብሊካኑ አሥር አባላት ከዲሞክራቶቹ ጋር ቆመዋል። ትራምፕ ሥልጣኑን የለቀቀው ጃንዋሪ 20 ቀን ሲሆን፣ የክሱ ጽሑፍ ለሴኔት የደረሰው ጃንዋሪ 25 ቀን ነው። በማግስቱ ሴናተር ራንድ ፖል ዳኝነቱ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎ ተቃውሞ ሲያቀርብ፣ ተቃውሞው በ55 ለ45 ድምፅ ተዘጋ። ፌብሯሪ 9 ቀን ሁለቱ ወገኖች በሥልጣኑ ጉዳይ ላይ ተከራክረው ሴኔት በ56 ለ44 «መዳኘት እንችላለን» አለ። ፌብሯሪ 13 ቀን ደግሞ 57 ሰዎች ጥፋተኛ፣ 43 ጥፋተኛ አይደለም አሉ፤ የሚያስፈልገው 67 ስለነበር ትራምፕ ነጻ ወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ በሙሉ በእኛ ከታኅሣሥ 28 እስከ የካቲት 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ የሆነ ስለሆነ፣ አንዱ ተከራካሪ በአውሮፓውያኑ ሌላው በኢትዮጵያው ሲጠራ አዳራሹ ስለ ሁለት የተለያዩ ዓመታት የሚወራ ሊመስለው ይችላል። አንዱን መርጦ ለሁሉም ማሳወቅ ይገባል። ሁለተኛው ወጥመድ 55፣ 56 እና 57 የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው አንድን ተቃውሞ የመዝጋት፣ ሁለተኛው በሥልጣን ጉዳይ የመወሰን፣ ሦስተኛው በጥፋቱ ላይ የመፍረድ ድምፅ ነው። ተማሪው እነዚህን ከቀላቀለ የቀረውን በሙሉ ይቀላቅላል።

የሁለቱ ወገኖች ሙግት

አስተባባሪው ለእያንዳንዱ ወገን የተዘጋጀ ንግግር መስጠት የለበትም፤ ይሁን እንጂ የሙግቱን አጥንት ካላሳየ ተማሪዎች ከማኅበራዊ ሚዲያ የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ።

ደጋፊው ወገን ከሁሉ የበረታው ክርክሩ ከቅጣቱ የሚነሳው ነው። የመታገድ ቅጣት በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው አደገኛ ሰው ተመልሶ እንዳይሾም ከሆነ፣ ተከሳሹ ፍርዱ ሊሰጥ ሲል ሥልጣኑን በመልቀቅ ብቻ የሚያመልጥ ከሆነ ድንጋጌው ከንቱ ይሆናል። የከሳሾቹ መሪ ጄሚ ራስኪን ይህንኑ ወደ ቀን መቁጠሪያ አምጥቶ፣ የመጨረሻዎቹ የሥልጣን ሳምንታት ከተጠያቂነት ነጻ የሆኑ ሳምንታት ይሆናሉ ሲል ተከራክሯል። ታሪክም ለዚህ ወገን ብዙ ያቀብለዋል። የብሪታንያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ዋረን ሄስቲንግስን የከሰሰው የሕንድ ሹመቱን ትቶ ከተመለሰ በኋላ በ1787 ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፊላደልፊያ የተረቀቀውም በዚያው ዓመት ነው። የቨርጂኒያ የ1776 ሕገ መንግሥት አገረ ገዥው ከሥልጣን ከወረደ በኋላ እንደሚከሰስ በግልጽ ይደነግግ ነበር። በብራዚል ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ኮሎር ዲሴምበር 29 ቀን 1992 ዳኝነቱ እንደተጀመረ ሥልጣኑን ቢለቅም፣ ሴኔቱ ሂደቱን ቀጥሎ በ76 ለ3 ድምፅ ጥፋተኛ አለው፤ ለስምንት ዓመትም ከሹመት አገደው።

ተቃዋሚው ወገን በጽሑፉ ላይ ይቆማል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ተከሰው ከሥልጣን ይነሳሉ የሚለው ፕሬዚዳንቱን፣ ምክትሉንና ሲቪል ሹማምንትን ነው፤ ሥልጣን የለቀቀ ሰው ከእነዚህ አንዱ አይደለም፣ ተራ ዜጋ ነው። ተራ ዜጋን ደግሞ መዳኘት የፍርድ ቤት እንጂ የፖለቲከኞች ስብስብ ሥራ ሊሆን አይገባም። ይህ ወገን ከቻለ የሴኔቱን ሰብሳቢ ወንበር ይጠቁም፤ ፕሬዚዳንት ሲዳኝ ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ እንደሚሆን ተደንግጎ ሳለ፣ በ2021 ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ አልተቀመጡም፤ የሰበሰቡት አንጋፋው የዲሞክራቶች ሴናተር ፓትሪክ ሌሂ ነበሩ። ስለዚህ የሚዳኘው ፕሬዚዳንት እንዳልሆነ አሠራሩ ራሱ አምኗል ብሎ መከራከር ይቻላል። ከውጭ አገርም የደቡብ ኮሪያን ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል፤ በዚያው 2021 የተከሰሰ አንድ ዳኛ የሥራ ዘመኑ በማለቁ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አብላጫ ዳኞች ክሱን ውድቅ አድርገዋል። የመጨረሻው ሙግት የሥጋት ሙግት ነው፤ ዛሬ ይህ ከተፈቀደ ነገ እያንዳንዱ አሸናፊ ፓርቲ የተሸናፊውን መሪ እያሳደደ ይከሳል።

«ፍርድ ቤት አለ» የሚለው መልስ ሲቀርብ ደጋፊው ወገን ዝም እንዳይል ያዘጋጁት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁላይ 1 ቀን 2024 ለቀድሞ ፕሬዚዳንቶች በሥልጣን ሥራቸው ለፈጸሙት ድርጊት ሰፊ ከለላ ሰጥቷል፤ ከምርጫው ጋር ተያይዞ በትራምፕ ላይ የተመሠረተው የፌዴራል ወንጀል ክስም እርሱ በኖቬምበር 2024 ምርጫውን ካሸነፈ በኋላ ተዘግቷል። ተቃዋሚው በበኩሉ ይህ ከ2021 በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ የያኔውን ድምፅ ሊዳኝ አይችልም ሊል ይችላል፤ ተገቢ መልስ ነው።

የሁለቱ ድምፅ ቅደም ተከተል

የዚህ ክርክር ልብ ያለው እዚህ ነው፤ አስተባባሪው ከሌላው ሁሉ ሰዓት ቆርጦም ቢሆን ለዚህ ጊዜ ይስጥ። በ2021 ሴኔት በፌብሯሪ 9 «መዳኘት እንችላለን» ብሎ በአብላጫ ድምፅ ወሰነ። ከአራት ቀን በኋላ ግን የሪፐብሊካኑ መሪ ሚች ማኮኔል ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ወዲያው ባደረገው ንግግርም ትራምፕ ለደረሰው ነገር በተግባርም በሞራልም ተጠያቂ እንደሆነ ገልጾ፣ ድምፁን የከለከለው ሴኔት ሥልጣን የለቀቀን ሰው የመዳኘት መብት ስለሌለው እንደሆነ ተናገረ። እንግዲህ አብላጫው የወሰነውን የሥልጣን ጥያቄ አንድ አባል በፍርዱ ሰዓት እንደገና ማንሳት ይችላልን?

ነገሩ አዲስ አልነበረም። የጦር ሚኒስትሩ ዊልያም ቤልክናፕ በሙስና ሊከሰስ መሆኑን ሲያውቅ ማርች 2 ቀን 1876 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የተወካዮች ምክር ቤትም በዚያው ዕለት ከሰሰው። ሴኔት በ37 ለ29 «ልንዳኘው እንችላለን» አለ። በፍርዱ ቀን አብላጫው ጥፋተኛ ቢለውም ሁለት ሦስተኛ አልሞላም፤ ጥፋተኛ አይደለም ካሉት አብዛኞቹ ምክንያታቸው የማስረጃ ማነስ ሳይሆን የሥልጣን ጉዳይ እንደሆነ ገለጹ። ስለዚህ ይህ አንድ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ ደጋፊው 37 ለ29ን ሲይዝ፣ ተቃዋሚው የመጨረሻውን ውጤት ይይዛል። ተማሪዎች ቁራሹን ብቻ ይዘው ሲሮጡ መድረክ መሪው ሌላውን ቁራሽ ያቅርብላቸው።

እኔ በበኩሌ የሥልጣን ጥያቄ አንድ ጊዜ በድምፅ ከተቆረጠ በኋላ የተሸነፈው ወገን ውሳኔውን ተቀብሎ በማስረጃው ላይ ብቻ ሊፈርድ ይገባል እላለሁ፤ አለዚያ አንድ ሦስተኛ የሆነ ቡድን በአብላጫ የተወሰነን ነገር በጓሮ በር ይሽረዋል። ይህን ግን ለተማሪዎቹ እንደ መልስ መንገር አያስፈልግም፤ አንድ አባል በማንኛውም ጊዜ እንደ ኅሊናው የመወሰን መብት አለው የሚለው ተቃራኒ አቋምም በአሜሪካ አጥብቆ የሚያዝ ነው። ማኮኔልን የሚተቹ ሰዎች የሚያነሱትን አንድ ነገር ግን ሳያውቁ እንዳይወጡ፤ ትራምፕ ገና ሥልጣን ላይ ሳለ ሴኔትን በአስቸኳይ ጠርቶ ዳኝነቱን እንዲጀምር የተጠየቀው የያኔው የአብላጫው መሪ ራሱ ማኮኔል ነበር፤ እርሱም አልጠራም።

በአዳራሹ ውስጥ ይህ የሚሠራው በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ነው። በነጩ ወረቀት «መዳኘት እንችላለን ወይስ አንችልም» ይመለሳል፤ ተቆጥሮ ውጤቱ ይፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብቻ በቢጫው ወረቀት በጥፋቱ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ ከቢጫው ወረቀት ግርጌም ሰጪው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በነጩ «አንችልም» ብሎ ተሸንፎ በቢጫው «ጥፋተኛ አይደለም» ያለ ሰው ምን ብሎ እንደጻፈ ሲነበብ፣ የዚያን ቀን ምርጡ ውይይት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይነሳል።

ፓርቲውን ወደ አዳራሽ ማስገባት

ተማሪዎች ከምድር የራቀ የሕግ ክርክር ብቻ ካደረጉ ነገሩ ለምን በፓርቲ መስመር እንደተከፈለ አይገባቸውም። ስለዚህ ድምፅ ሰጪዎቹ በዕጣ በሁለት እኩል ፓርቲ ይከፈሉ፤ የያኔው ሴኔትም 50 ለ50 ነበር። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ካርድ ይታደለዋል። በአንዱ ካርድ ላይ «ከሁለት ዓመት በኋላ ለምርጫ ትቀርባለህ፤ የፓርቲህ ደጋፊዎች ተከሳሹን ይወዱታል» ይላል። በሌላው «ድጋሚ እንደማትወዳደር አስታውቀሃል» ይላል። በሦስተኛው «የክልልህ የፓርቲ ቅርንጫፍ በይፋ ሊያወግዝህ ይችላል» ይላል። ካርዱን ለጎረቤት ማሳየት አይፈቀድም።

ካርዶቹ ከእውነተኛው ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። ጥፋተኛ ነው ካሉት ሰባት ሪፐብሊካን መካከል ሪቻርድ በር እና ፓት ቱሚ እንደማይወዳደሩ አስቀድመው አስታውቀው ነበር፤ ቢል ካሲዲን የሉዊዚያና ፓርቲው በዚያው ዕለት አወገዘው። ከሰባቱ በቀጣዩ የ2022 ምርጫ ሕዝብ ፊት የቀረበችው ሊሳ ሙርኮውስኪ ብቻ ስትሆን፣ እርሷም አሸንፋለች። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ካርዶቹ ተገልጠው ከነጩና ከቢጫው ወረቀት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የትኛው ድምፅ ከሕግ የትኛው ከካርድ እንደመጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያዩታል።

ሌላም ቀላል መፈተኛ አለ። በክርክሩ መካከል መድረክ መሪው «ተከሳሹ ከተቃራኒው ፓርቲ ቢሆን ያንኑ ትላለህን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በአንድ ደቂቃ ይገድብ።

የወሎ አዳራሽ የሚያነሳው

በደሴ አዳራሽ ስለተሻረ መሪ ሲወራ የልጅ ኢያሱ ስም መነሳቱ አይቀርም፤ ቢነሳም ክልክል ሊሆን አይገባም። መድረክ መሪው ግን እውነቱን በአጭሩ ይዞ ይቅረብ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለውጧል በሚል ክስ በአዲስ አበባ መሻሩ ሲታወጅ እርሱ በሐረር በኩል ነበር፤ ቀርቦ መልስ አልሰጠም። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ይህ ታሪክ ለክርክሩ የሚጠቅመው በአንድ ነጥብ ነው፤ ተከሳሽ ሳይሰማ የሚሰጥ ውሳኔ ወደ ጦርነት እንደሚያሻግር ያሳያል። ኢምፒችመንት ግን አልነበረም፤ ክስ የሚቀርብበትም ዳኝነት የሚሰጥበትም አስቀድሞ የተጻፈ ሥርዓት አልነበረምና። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይሰጠው፤ አለዚያ አዳራሹ በጠቅላላ ሰገሌ ላይ ይቀራል።

የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይም ይነሳል። እርሱ ደግሞ የፍርድ ቤት ነገር ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ በሌሉበት ተከሰው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉት በምክር ቤት ሳይሆን በፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ምሳሌው ለተቃዋሚው ወገን ያጋድላል። የአሁኑ ሕገ መንግሥታችን በበኩሉ በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ እንዲጠይቅና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ሲሰጠው፣ በአንቀጽ 72 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠሪ ያደርገዋል፤ አሜሪካዊው የሁለት ሳጥን ሥዕል ግን በውስጡ የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የሚጠቅስ ተሰብሳቢም አይጠፋም፤ ደጋፊው ወገን ንቁ ከሆነ፣ ተረቱ የሚሠራው ከሽረት በኋላ ጠያቂ በሌለበት አገር እንደሆነ ጠቅሶ ወደ ራሱ ሊያዞረው ይችላል።

በዛሬ የአካባቢ ፖለቲከኞች ስም መከራከር ግን ከመጀመሪያው ይከልከል። የጦርነት ጠባሳ ገና ባልሻረበት አካባቢ፣ ተማሪ በክርክር ሙቀት የሚጥለው አንድ ስም ከአዳራሽ ተከትሎት ቤቱ ሊገባ ይችላል።

የአገር ሽማግሌዎችን በዳኝነት መጋበዝ ለወሎ የሚያምር ነገር ነው፤ መክፈቻውን ቢመርቁ አዳራሹ ረጋ ይላል። አንድ ማሳሰቢያ ግን ይነገራቸው። በሽምግልና የኖረ ሰው ልማዱ ማስታረቅ ስለሆነ፣ ሳያስበው ሁለቱንም ወገን እኩል አሸናፊ አድርጎ ሊያሰናብት ይችላል፤ ተማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ለሙግት ሳይሆን ለምርቃት መናገር ይጀምራሉ። ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽ አስቀድሞ ተብራርቶ፣ እኩል ነጥብ እንደማይፈቀድ በትሕትና ይገለጽላቸው። ቅጹ ለማስረጃ ትክክለኛነት፣ ለመልስ አሰጣጥና ለአነጋገር ነጥብ ይኑረው፤ ከሦስቱ ለመልስ አሰጣጥ የበለጠ ይሰጥ።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ወገን ሦስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ፣ ለመልስ አራት ደቂቃ ይበቃል። ከጁምዓ ሶላትና ከእሑድ ቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቻል።

ቃለ ጉባኤው የሁለቱን ወረቀት ውጤት ለየብቻ ይመዝግብ፤ ድምፀ ተአቅቦም በየራሱ ይጻፍ። ሁለት ሦስተኛው የሚሰላው ከተመዘገቡት ሳይሆን ድምፅ ሲሰጥ በአዳራሹ ከተገኙት ስለሆነ፣ ጸሐፊው ቢጫው ወረቀት ከመታደሉ በፊት ሰዎቹን እንደገና ይቁጠር፤ 60 ሰው ካለ የሚያስፈልገው 40 ሲሆን፣ ሦስቱ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ቀድመው ከወጡ 38 ይሆናል።